የአልኮልና የዕፅ ሱስን ለሕክምና ተማሪዎች እንዴት ብናስተምር ይሻላል?

ጥያቄ (የውስጥ ደዌ መምህር)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በማስተምርበት የሕክምና ትምህርት ቤት ሥርዓተ ትምህርቱ በመከለስ ላይ ስለሚገኝ፣ የአልኮልና የዕፅ ሱስን የሚመለከተውን ክፍል የማዘጋጀት ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ሥራውን ስጀምር ጥቂት የሌክቸር ሰዓት ጨምሬ የምገላገለው መስሎኝ ነበር። ያለውን ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ኢንተርንነት፣ ማለትም እስከ መጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት፣ ድረስ ገጽ በገጽ ካየሁ በኋላ ግን ጉድለቱ የሰዓት ማነስ ብቻ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ ምክራችሁን ለመጠየቅ ወስኛለሁ።

ተማሪው በፋርማኮሎጂ ስለ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ) ተቀባዮች ይማራል፤ በፓቶሎጂ በአልኮል የተጎዳ ጉበትን በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ሥነ አእምሮ ክፍል ሲመደብ ደግሞ ስለ ሱስ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሌክቸር ያገኛል። የማኅበረሰብ ጤና መምህሩም የራሱን ድርሻ ይናገራል። አራቱ መምህራን ግን አንዱ ምን እንዳስተማረ ሌላው አያውቅም። ስለዚህ ከሱስ ጋር ስለሚያያዘው የአንጎል ኬሚካል፣ ስለ ዶፓሚን፣ ሦስት ጊዜ የሰማ ተማሪ፣ ታካሚን ስለ መጠጡ እንዴት እንደሚጠይቅ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለማመድ ይመረቃል።

ይህን እንድል ያደረገኝን አንድ ገጠመኝ ላንሣ። አንድ ጎልማሳ እግሩ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቀው፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ይታየው ጀመር፤ በራውንድ (ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ ታካሚዎችን በሚያዩበት ጉብኝት) ላይ ጉዳዩን ያቀረበው ተማሪም «በድንገት የጀመረ የአእምሮ ሕመም» ሲል አስረዳ። ካርዱን ሳገላብጥ በማኅበራዊ ታሪኩ ሥር «አይጠጣም፣ አያጨስም» ይላል። ማን እንደጠየቀው ባጣራ የጠየቀው ሰው አልተገኘም፤ ተማሪው ከኢንተርኑ፣ ኢንተርኑም ከድንገተኛ ክፍሉ ካርድ የገለበጠው ነበር፤ በድንገተኛ ክፍሉም የተጻፈው ከልማድ ነው። ባለቤቱን ስንጠይቃት ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ እንደኖረ ምንም ሳታመነታ ነገረችን። ታካሚው ተርፏል። እስካሁን የሚከነክነኝ ግን፣ ያ ተማሪ ስለ አልኮል ማቋረጥ ሕመም በጽሑፍ ፈተና ተጠይቆ ሙሉ ነጥብ ያገኘ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ትምህርቱ ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ በየክፍሉ ይበተን? ማንም ተመራቂ ሳይይዘው ሊወጣ የማይገባው ዕውቀትና ክህሎት የቱ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተማሪዎቻችን ከእኛው የሚወርሱትን ንቀት እንዴት እንቀንሰው? በመጨረሻው ላይ ራሴንም ነጻ አላደርግም።

መልስ 1 (የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም)

ዶክተር፣ እርስዎ የገለጹትን ታካሚ እኛ ዘንድ የማያውቀው የለም። የእኔ ሐሳብ ጠበብ ያለ ነው፤ ኢንተርኑ በመጀመሪያው የአዳር ተረኝነቱ ሰው እንዳይሞትበት የሚያስፈልገውን አስቀድሙ፤ ሌላው ይደርሳል።

መጀመሪያ የጊዜ ሰሌዳውን ይወቅ። አዘውትሮ ብዙ የሚጠጣ ሰው ሲያቋርጥ፣ መንቀጥቀጡና ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ የሚጥል ሕመም ቢመጣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ግራ መጋባትና ቅዠት ያለበት ከባዱ ደረጃ፣ ማለትም ዴሊሪየም ትሬመንስ፣ በተለምዶ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከሰታል። የእርስዎ ታካሚ በሦስተኛው ቀን መታመሙ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሐኪም ቀኑን ቆጥሮ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚችል ነገር ነበር። ይህን የሚያስተምር መምህር ከሥነ አእምሮ ክፍል ይልቅ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ችግሩ ባልተጠበቀበት ቦታ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ሁለተኛው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ነው። ተማሪዎች በታያሚን እጥረት የሚመጣውን የዌርኒኬ የአንጎል ሕመም በሦስት ምልክቶች፣ ማለትም በግራ መጋባት፣ በዓይን እንቅስቃሴ መታወክና በአካሄድ መንገዳገድ፣ ሸምድደው ይመጣሉ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ካልተሟሉም ሕመሙ የለም ይላሉ። በተግባር ሦስቱም አንድ ላይ የሚታዩት በጥቂት ታካሚዎች ብቻ ስለሆነ፣ መጠርጠር ለማከም በቂ ምክንያት ነው። ታያሚኑን በደም ሥር መስጠት ርካሽና በአብዛኛው ጉዳት የሌለው ሲሆን፣ ያልታከመው ሕመም የሚያስከትለው የማስታወስ ችሎታ መጥፋት ግን ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ነው።

ሦስተኛው የኦፒዮይድ መመረዝ ነው። የጠበበ የዓይን ብሌን፣ የዘገየ ትንፋሽና ራስን መሳት አንድ ላይ ሲገኙ ትንፋሹን ማገዝና የኦፒዮይድ ማርከሻ የሆነውን ናሎክሶን መስጠት እንደሚገባ ብዙዎቹ ያውቃሉ። የማያውቁት ቀጣዩን ነው፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሠርቶ ኃይሉ ሲያልቅ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራ ኦፒዮይድ የወሰደው ሰው ተመልሶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ነቅቶ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ያለውን ታካሚ ወዲያው የሚሸኝ ኢንተርን ይህን አልተማረም ማለት ነው። በተመሳሳይም ለሳምንታት ሳይወስድ የቆየ ሰው ሰውነቱ መላመዱን ስለሚያጣ፣ ከማገገሚያ ወይም ከእስር በወጣ ሰሞን የቀድሞ መጠኑን ቢወስድ ሊሞት እንደሚችል ለታካሚውም ለቤተሰቡም መነገር አለበት።

አንድ የማይገባኝ ነገርም አለ። ተማሪዎች የኦፒዮይድ ማቋረጥን እጅግ ይፈራሉ፤ የአልኮልንና የቤንዞዳያዜፒንን (ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚሰጡ መድኃኒቶች) ማቋረጥ ግን ያቃልላሉ። የመጀመሪያው እጅግ የሚያሠቃይ ቢሆንም ብቻውን የሚገድለው አልፎ አልፎ ነው፤ ሁለቱ ግን ይገድላሉ። ይህን ከፊልም የተማሩት ይመስለኛል።

አጠያየቁን በተመለከተ፣ «ትጠጣለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ «አልፎ አልፎ» የሚል መልስ ያገኛል። «አልፎ አልፎ» ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜም፣ በቀን ሁለት ጊዜም ሊሆን የሚችል ቃል ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን ኦዲት የተባለ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች፣ ተማሪው በቃሉ ይያዝ፤ እነሱም ምን ያህል ጊዜ፣ በአንድ ቀን ስንት፣ በአንድ ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጠጣውስ በየስንት ጊዜው የሚሉ ናቸው። ሙሉው መጠይቅ ከ0 እስከ 40 ነጥብ ሲኖረው 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ቀጣይ ውይይት ያስፈልገዋል። «ስንት» የሚለውም መቆጠር አለበት። የመጠጡ ሚሊ ሊትር በአልኮል መቶኛውና በ0.789 ሲባዛ ግራሙ ይገኛል፤ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው ማለት ነው። ተማሪዎቼን ይህን ሳሠራቸው መጀመሪያ የሚያሰሉት የራሳቸውን ነው።

መልስ 2 (የሥነ አእምሮ ሐኪም)

የድንገተኛ ሕክምና ባልደረባችን የዘረዘሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልቀበለውም። ተማሪው ሱስን የሚያውቀው በድንገተኛ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ የሚያየው ሰው ሁልጊዜ በከፋ ሰዓቱ ላይ ያለ፣ የሚያስታውክ፣ የሚሳደብ ወይም ራሱን የሳተ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ያየዋል፤ ሻል ብሎት ወደ ሥራው የተመለሰውን ግን ፈጽሞ አያየውም፤ የዳነ ሰው ድንገተኛ ክፍል ምን ሊያደርግ ይመጣል? ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ «እነዚህ ሰዎች አይድኑም» ብሎ ቢደመድም ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያሳየነው ናሙና የተዛባ ስለሆነ ነው። የደም ግፊትን በስትሮክ ታካሚዎች ብቻ ብናስተምር ስለ ደም ግፊት ሕክምናም እንዲሁ ተስፋ ይቆርጥ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ተማሪው አንድን ታካሚ በተከታታይ የሚያይበት የተመላላሽ ክትትል ነው። ስድስት ወር ቢሆን መልካም፤ ካልሆነም ሦስት ወር። ታካሚው በመካከሉ ሊያገረሽበት ይችላል፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የታወቀ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ በሱስ ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች የማገርሸት መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ ሲሆን፣ ይህ በደም ግፊትና በአስም ታካሚዎች ዘንድ መድኃኒት በማቋረጥ ከሚታየው ማገርሸት የተለየ አይደለም። የአስም ታካሚ ሲያገረሽበት መድኃኒቱን እናስተካክላለን፤ የሱስ ታካሚ ሲያገረሽበት ግን እንቆጣለን።

ቀጥሎ መድኃኒቶቹ ናቸው። ተመራቂዎቻችን «ለሱስ መድኃኒት የለውም፤ ፈቃደ ልብ ነው የሚያስፈልገው» ሲሉ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ለኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፤ ለአልኮል የሚሰጡት ናልትረክሶንና አካምፕሮሴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ተጨምረዋል። አካምፕሮሴት በኩላሊት ስለሚወገድ ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው አይሰጠውም፤ ናልትረክሶን ኦፒዮይድ ለሚወስድ ሰው ቢሰጥ ድንገተኛ የማቋረጥ ሕመም ያስነሣል። ይህ ከስኳር መድኃኒቶች የሚከብድ ትምህርት አይደለም፤ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ያላስተማርነው ከብዶን ሳይሆን የእኛ ሥራ አድርገን ስላላየነው ነው።

ስለ ንቀቱ የጠየቁት ለእኔ ዋናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ከ500 በላይ ለሚሆኑ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች የአንድ ሰው ታሪክ እንዲነበብ አደረገ፤ ለግማሾቹ ባለ ታሪኩ «የዕፅ ችግር ያለበት ሰው» ተብሎ ቀረበ፤ ለቀሩት በእንግሊዝኛው አጠራር ለአማርኛው «ሱሰኛ» ቅርብ በሆነ፣ ወቀሳ ባለበት ቃል ተጠራ። ሌላው ታሪክ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛውን ያነበቡት ባለሙያዎች ሰውየውን ጥፋተኛ አድርገው የማየትና ቅጣት ይገባዋል የማለት ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበር። እነዚህ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። በእኛ ቋንቋማ «ሰካራም»፣ «ዱርዬ»፣ «ሱሰኛ» የሚሉት ቃላት ከበሽታ ስምነት ይልቅ ስድብነታቸው ይቀድማል። በካርድ ላይ «በአልኮል አጠቃቀም ችግር የሚታከም» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ያስረዝማል፤ ቀጣዩ ሐኪም በሽተኛውን ቀና ብሎ እንዲያየው ግን ያግዛል። ቃሉን ተማሪው በሌክቸር ቢማረው ዋጋ የለውም፤ ሬዚደንቱ፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም፣ በራውንድ ላይ «ያ ሰካራም በአልጋ 9» ካለ የሌክቸሩ ሰዓት ባክኗል።

አጭር ምክክርን በተመለከተ ግን ከልክ በላይ ተስፋ እንዳንሰጥ እመክራለሁ። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከመጠን በላይ የሚጠጡ ሰዎች አጭር ምክር ካገኙ በኋላ የሚቀንሱት መጠን በሳምንት በአማካይ 20 ግራም አልኮል ያህል ነው። ለአንድ ሰው ጥቂት ነው፤ ለብዙ ሺህ ሰው ግን ጥቂት አይደለም። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ካወቀ፣ አንድ ጊዜ መክሮ ለውጥ ሲያጣ «ሞክሬ ነበር፣ አይሰማም» ብሎ አይተውም።

መልስ 3 (በማገገም ላይ ያለ)

ሐኪም አይደለሁም፤ ጉዳዩ ስለሚመለከተኝ ብጽፍ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ። መጠጥ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል።

በጠጣሁባቸው ዓመታት ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ የቀረሁበት ዓመት የለም። ለጨጓራዬ፣ ለደም ግፊቴ፣ ለእንቅልፍ ማጣቴ፣ ወድቄ ለተሰበረው የጎን አጥንቴ ታክሜያለሁ። ሁሉም ያዘዙልኝን መድኃኒት በትክክል አዘዙልኝ፤ ለእንቅልፍ ብለው የሰጡኝም ራሱ ሌላ ሱስ ሊሆንብኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ስለ መጠጥ የጠየቁኝ ሁለት ናቸው። አንዱ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «አትጠጣም አይደል?» አለኝ፤ እኔም «አልጠጣም» አልኩት፤ ጥያቄው ራሱ መልሴን ይዞ ነበርና። ሁለተኛዋ ገና ተማሪ ነበረች። «ይህን ለሁሉም ታካሚ የምጠይቀው ነው» ብላ ጀመረችና፣ ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ጀምሮ ቀን በቀን ስንት እንደጠጣሁ አስቆጠረችኝ። ሐሙስ ላይ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ። እሷም ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ምንም አልመከረችኝም፤ የጠጣሁትን በቁጥር ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔን መሰል ሰዎች በክፍል ውስጥ እንዲናገሩ ልትጋብዙ እንደምትችሉ ይገባኛል። አንድ ጊዜ ተጋብዤ ነበር፤ ከመቶ በሚበልጡ ተማሪዎች ፊት ቆሜ የውርደቴን ታሪክ ከተረክሁ በኋላ ተጨበጨበልኝና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምን እንደተማሩ አላውቅም። ለስድስትና ለሰባት ተማሪዎች ተቀምጬ ብነግራቸውና እንዴት እንደሚጠይቁኝ በእኔ ላይ ቢለማመዱ፣ ሲሳሳቱም «ይህን ስትለኝ ልዋሽህ ፈለግሁ» ብዬ ወዲያው ብነግራቸው ግን የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።

መልስ 4 (ኢንተርን)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተማሪን ሐቅ በአጭሩ ልናገር፤ የማይፈተን ነገር አይጠናም። ሱስ በጽሑፍ ፈተና ላይ ሁለት ጥያቄ ያህል ይመጣል፤ አንዱ ስለ ታያሚን፣ አንዱ ስለ ናሎክሶን። በተግባር ፈተና፣ ማለትም በኦስኪ፣ ጣቢያ ኖሮት ግን አይቼ አላውቅም። የደረት ምርመራን ሌሊት ከጓደኞቻችን ጋር የምንለማመደው ደረትን ስለምንወድ ሳይሆን ጣቢያ ስላለው ነው።

ሌላው ለመጻፍ የከበደኝ ጉዳይ ነው። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል እንቅልፍ ለማባረር የሚወስዱ፣ ከፈተና በኋላም እስኪጥላቸው የሚጠጡ አሉ። ይህን ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም፤ የሚነገረው ቢሮ የሚቀጣው ቢሮ ነውና። ስለ ሱስ ስትነግሩን ሁልጊዜ «ታካሚው» እያላችሁ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ስለ ራሱ እየሰማ ሊሆን ይችላል።

መልስ 5 (የሥነ አእምሮ ሐኪም)

ኢንተርኑ ያነሡት ሁለተኛ ጉዳይ በሥርዓተ ትምህርቱ ክለሳ ውስጥ መግባት አለበት፤ በኅዳግ ሳይሆን ራሱን በቻለ ክፍል። በአሜሪካ በሐኪሞች ጤና መርሐ ግብሮች ውስጥ የገቡ 904 ሐኪሞችን ለአምስት ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል፤ ከአራቱ ሦስት በሚበልጡት ላይ በእነዚያ ዓመታት በተደረገላቸው ምርመራ መጠጥም ሆነ ዕፅ አልተገኘም። ረጅም ክትትልና ወደ ሥራ የመመለስ ተስፋ አንድ ላይ ሲሰጡ ሰው ምን ያህል እንደሚያገግም ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ለተማሪው ደግሞ ስለ ራሱ ሙያ ሰዎች የሚናገር ስለሆነ በጥሞና ያዳምጠዋል። ለተማሪዎች የሚሆነው የምክር አገልግሎት ግን ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ፈጽሞ የተለየ፣ መዝገቡም የተለየ መሆን አለበት። ካልተለየ ባይኖር ይሻላል፤ የሚያምነው አይገኝምና።

የጠያቂው ምላሽ (የውስጥ ደዌ መምህር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ በማገገም ላይ ያሉትን ጸሐፊ። የተናገሩትን ስለ ሐሙስ አነበብኩና ቆም ብዬ ቆየሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። አዲስ ኮርስ አልጠይቅም፤ ብጠይቅም ሰዓት አይሰጠኝም፤ ቢሰጠኝም ሁሉም ክፍል «ሱስ የዚያ ኮርስ ነው» ብሎ እጁን ያወጣል። ይልቁንም ከየክፍሉ ያለውን ሰዓት ወስጄ በአንድ አስተባባሪ ሥር ላደርገው ነው፤ ዶፓሚኑ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገር፤ የተረፈው ሰዓት በትንሽ ቡድን ለሚደረግ የአጠያየቅ ልምምድ ይዋል፤ ይህንንም በማገገም ላይ ያሉ ሰዎች ተከፍሏቸው እንደ አሠልጣኝ ይምሩት። ድንገተኛው ክፍል የጠየቀው የጊዜ ሰሌዳ፣ ታያሚንና ናሎክሶን ከኢንተርንነት በፊት ባለው ሳምንት ይፈተናል። የሦስት ወር ክትትሉን በአንድ የሙከራ ቡድን እጀምራለሁ። ኦስኪውም ጣቢያ ይኖረዋል፤ ታካሚው በደም ግፊት መጥቶ ስለ መጠጥ ያልተጠየቀ ሰው ይሆናል፤ ነጥቡ የሚሰጠው ለምርመራው ትክክለኛነት ሳይሆን ተማሪው ጥያቄውን ራሱ በማንሣቱና ሰውየው እውነቱን እንዲናገር በማስቻሉ ይሆናል።

ያልፈታሁት የሬዚደንቶቹን ጉዳይ ነው። ተማሪው ከእኔ ይልቅ ከእነሱ ጋር ነው የሚያድረው። ማሠልጠን አለብኝ ወይስ መቆጣጠር?

መልስ 6 (የሥነ አእምሮ ሐኪም)

ያሠልጥኗቸው፤ ግን «ሥልጠና» ብለው አይጥሯቸው፤ አይመጡም። የኦስኪው ጣቢያ ፈታኝ ያድርጓቸው። ፈታኝ የሚሆን ሰው የነጥብ አሰጣጡን ማንበብ፣ ትክክለኛውን አጠያየቅ ማወቅና ከአሠልጣኙ ታካሚ ጋር አስቀድሞ አንድ ጊዜ መለማመድ ግድ ይለዋል። እኛ ዘንድ በዚህ መንገድ ከገቡት ሬዚደንቶች አንዱ በማግስቱ ራውንድ ላይ ካርዱን ገልጦ «አይጠጣም» የሚለውን ሲያነብ ተማሪውን «ማን ጠየቀው?» አለው። መልስ ስላጣ ሁለቱም ወደ አልጋው ተመለሱ።